የባዘቶ ጁፒተር

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ዛሬም በሩን ሳትኩት። የተከፈተው መዝጊያ ጫፉ ግንባሬን አገኘው። 7ኛ «ለ» ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ጠመኔ አነሣሁ፣ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፣ እንባዬ እስኪመለስ ርእስ ጻፍኩ። «ፕላኔቶች»። ፊደሉ ሳላውቀው ገዝፏል መሰለኝ፣ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ለማስታወቂያ ነው?» አለ።

አዲስ ምዕራፍ። ከፀሐይ ጀምሬ ወጣሁ፦ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት፣ ማርስ። አራቱ ውስጠኞች። ትንንሽ፣ አለታማ፣ ሆዳቸው ብረት፣ የሚረገጥ መሬት ያላቸው። ከዚያ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቱን። አራቱ ውጫዊዎች። ግዙፎች፣ የሚረገጥ ነገር የሌላቸው። በየዓመቱ የምለው ነው። አፌ ራሱ ያውቀዋል፤ እኔ ባልኖርም ይናገረዋል።

ማንጠግቦሽ አልወጣችም። ዓይነ ስውር ናት፤ እስከ ዛሬ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ትወጣ ነበር። ዓይነ ስውር ተማሪን ሒሳብና ሳይንስ አይመለከተውም የሚል ልማድ አለ፤ ውጤት ማሳወቂያዋ ላይ «ነፃ» ተብሎ ይሞላል። እሷም ዘንጓን ይዛ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ትቀመጣለች። ዛሬ ግን የመጀመሪያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። በርዷት ይሆናል ብዬ ተውኳት።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል እጇን አወጣች። የሚረገጥ መሬት ከሌለው ምኑ ነው ፕላኔት የሚባለው? ጋዝ ከሆነስ ለምን አይበተንም? የት ጋ ነው የሚጀምረው?

ጥሩ ጥያቄ። ምን ብዬ መለስኩላት? «ሥዕሉን ተመልከቺ።»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። በዚህኛው አልሳቅሁም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ለባሌ ስልጠና አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ደረጀ ሰው ያምናል፤ ደህና ዋይ አለኝ።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል። የዓይን ክፍል። ወረፋ። ጠብታ አደረጉብኝና ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ለሁሉ ሰው ስለ ሞራዋ ታወራለች። ሞራ በሆነ። ሞራ እኮ ይገፈፋል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። በመብራት አየ። እንደገና አየ። ሌላ ሐኪም ጠርቶ አሳየ። ሁለቱም ዝም ሲሉ ገባኝ። ሬቲና ይባላል፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ግድግዳ። የእኔ ከዳር ወደ መሃል እየሞተ ነው። መጀመሪያ የማታው ማየት ይሄዳል፤ ቀጥሎ ግራና ቀኙ፤ በመጨረሻ መሃሉ። ለዚህ ነው በቧንቧ አጮልቄ እንደማይ የሚሆንብኝ። መድኃኒት? የለም። ኦፕራሲዮን? የለም። አዲስ አበባስ? መሄድ ይችላሉ፣ የሚነግሩዎት ግን ይህንኑ ነው አለኝ። ለስላሳ ሰው ነው። ባይለሳለስ ይሻለኝ ነበር።

በዘር የሚመጣ ነው አለ። ከቤተሰብ ማን አለ? ማንም፣ አልኩ።

ደብተሬ፣ ለአንተ አልዋሽም። አለበል አለ። ታላቅ ወንድሜ። ዲማ፣ እናታችን ቤት፣ መደብ ላይ ግድግዳ ተደግፎ። አባታችንንም በመጨረሻው ሰው እየመራው ነበር የሚሄደው፤ ያን ጊዜ ሞራ ነው ይባል ነበር። እኔ ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ ማታ ማታ አላይም። ሳውቀው ነው የኖርኩት። ማወቅና ከሐኪም አፍ መስማት ግን አንድ አይደለም።

በባጃጅ ተመለስኩ። ስልጠናው እንዴት ነበር አለኝ ደረጀ።

ደህና።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የልጅቷ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ከራሴ ነገር መሸሸጊያም ሆኖኛል መሰለኝ።

ከወጥ ቤት እህል ሰበሰብኩ። መሬት ሽምብራ ብትሆን ቬነስም ሽምብራ ናት። ማርስ ምስር። ሜርኩሪ ድንብላል። ጠጣሮች፤ በጣት ሲጫኗቸው እምቢ የሚሉ። በዚያው ልክ ጁፒተር ትርንጎ ያክላል። ሳተርን ትንሽ ያንሳል። ዩራነስና ኔፕቱን ሎሚ ሎሚ። ለጁፒተር ፊኛ ነፋሁ፣ ትርንጎ እስኪያክል።

በእረፍት ሰዓት አብረን ተቀመጥን። ሽምብራውን አገላበጠች። ምስሩን። ድንብላሉን አሸተተችው። ፊኛውን ስሰጣት በሁለት እጇ ጫን ጫን አደረገችና ሳቀች።

«ቲቸር፣ ይኸው መሬቱ! ደርሼበታለሁ!»

ላስቲኩን ነው። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ጁፒተር ቆዳ የለውም አልኳት።

«ታዲያ ቆዳ ከሌለው ጋዙን ምን ይዞት?»

የራሱ ክብደት። ብዛቱ። በጣም ብዙ ስለሆነ ራሱን በራሱ ይስባል። አሰበች። እሺ አለች። ፊኛውን ግን መለሰችልኝ፤ ይሄ ውሸት ነው ብላ። ልክ ናት። ሰሌዳ ላይ የማሰምረው ክብም ያው ነው፤ ጠርዝ የሌለውን ነገር ጠርዝ ማበጀት።

ሌላ ነገር መፈለግ አለብኝ። ምን?

ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋው ጠፋኝ። ፊት ለፊቴ ነበር ለካ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቢላዋ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ደብተራቸውን ሳርም ዋልኩ። መስመሩ ይዘለኛል። ጣቴን እያስቀደምኩ ነው የማነበው፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ። መምህርት አበባ አየችኝና ስንት ሌሊት ሳትተኚ አደርሽ አለችኝ። ብዙ አልኳት።

ፊደሌ እየተለቀ ነው፤ አንተም ሳታየው አትቀርም። አንድ መስመር እየዘለልኩ ነው የምጽፍብህ።

ደረጀ ስለ ልጅ አነሣ። እንደ ቀልድ። ጎረቤት የወለደችውን አይቶ መጥቶ። ትንሽ እንቆይ አልኩ። ሁልጊዜ ትንሽ እንቆይ ነው የምለው። ወደ መስኮቱ ዞሮ ሻዩን ጠጣ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

አገኘሁት! ባዘቶ።

ትናንት የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ የአንዷን ጋቢ ሲያወድሱ ነው የመጣልኝ። ዛሬ በጠዋት ገበያ ወጣሁ። ሻጯ ለጋቢ ነው ለነጠላ ብትለኝ ለጁፒተር አልኳት። የማን ልጅ ነው አለችኝ። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ከሳቅሁ።

መሃሉን በክር ጠፍሬ ጠፍሬ አጠነከርኩት። በላዩ ላላ ያለ ጥጥ። በዚያ ላይ ደግሞ የላላ። ዳሩን ተነፋፍቶ በትንፋሽ እስኪሄድ ተውኩት። ማንጠግቦሽ ጣቷን ቀስ አድርጋ ሰደደች። የት ጋ ጀመረ አልኳት። አላወቀችም። መልሳ አወጣች፣ መልሳ ሰደደች። አሁንም አላወቀችም። ወደ ውስጥ ገፋች።

«እየጠነከረ... እየጠነከረ መጣ።»

እንደሱ ነው። ከላይ ጋዝ ነው፣ ሃይድሮጂንና ሂሊየም። ወደ ታች ሲወረድ የላዩ ክብደት ይጫነውና ፈሳሽ ይሆናል። እዚህ ጋ ጋዙ አለቀ፣ ከዚህ ወዲያ መሬት ነው የሚባልበት ቦታ ግን የለም። ሰው ቢወድቅበት የሚያቆመው ወለል አያገኝም፤ ሙቀቱና ጫናው ይጨርሰዋል እንጂ። መሃሉስ? ከአለትና ከብረት ዘር የሆነ ከባድ ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ እሱም ቢሆን ጠርዙ የለየ አይመስልም። በእርግጠኝነት የምናውቀው ጥቂት ነው አልኳት።

ማንም ገብቶ አላየውም? ማንም። አንድ መሣሪያ ተልኮ ነበር፤ ጥቂት ወርዶ ሙቀቱና ግፊቱ በላው።

«እንግዲያው እኔም ቲቸርም ሳይንቲስቶቹም እኩል ነና!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ዘግይታ ነው የጀመረችው። ከተወለደች ብርሃን አታውቅም። ስትስቅ ድዷ ሁሉ ይታያል። አብሬያት ሳቅሁ።

ቤት ስደርስ ሳቁ አልነበረም። እሷ ያልነበራትን አላጣችም። እኔ ደግሞ ሁሉን አይቼ፣ ወድጄ፣ ለምጄ ነው የምቀማው። ማን ይሻላል እያልኩ ሳወዳድር ራሴን ያዝኩት። የአንዲት ልጅ ጨለማ ከእኔ ጨለማ ይቀላል እያልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 22፣ እሑድ

ከዲማ ተመለስኩ።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ተከፈተ ሲባል ነው የተነሣሁት። ትናንት ጽዮን ነበር፤ እምዬን ልሳም ብዬ። ከሚኒባሱ ወርጄ የእግር መንገዱን ከቤተ ክርስቲያን ከሚመለሱ ሴቶች ኋላ ኋላ ሄድኩ። ነጠላቸው ነጭ ስለሆነ ይታየኛል። ነጠላ እየተከተልኩ ቤቴ ገባሁ በለው።

አለበል እንደ ወትሮው መደቡ ላይ። ዲያቆን ነበር፣ ቅኔ የቆጠረ፤ ኋላ ልብስ ሰፊ ሆነ። ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅተው ነው ያወቅነው። ደፉን ስሻገር እግሬ ቆም ብሎ ዳበሰ። አለበል እምዬ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መጣብሽ አይደል?»

ምኑ? አልኩ።

«ስሌ። እግርሽ መሬቱን ሲለምን ሰማሁት። የእኔም እንዲሁ ነው የጀመረው።» ስለእናትን አሳጥሮ ስሌ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

መካድ አልቻልኩም። እጁን ያዝኩት። እንዲያጽናናኝ ነበር ለካ የሄድኩት፤ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። አላጽናናኝም። ትለምጂዋለሽ የሚሉሽን አትስሚ አለ። አልለመድኩትም አለ። የከፋው ጨለማው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ስለ እኔ እናቴን መጠየቁ ነው። በላ ወይ? ደህና ያድራል ወይ? ይሏታል። እኔ እዚሁ ተቀምጬ።

«ወንድምዓለም፣ ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያደረግሁትን ታዪው የለ።»

ለእምዬ እንዳትነግሪ አለኝ። አንድ ይበቃታል።

ሌላ ወሬ ጠፋ። ምን እያስተማርሽ ነው አለ። ፕላኔቶችን አልኩት። ቅኔ ቤት ሳለ ከባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ የሰማቸውን ስሞች ጠራልኝ፦ አጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል። መሽተሪ ያልከው ጁፒተር ነው አልኩት። ዩራነስና ኔፕቱን ያለ መሣሪያ ስለማይታዩ በድሮው ቁጥር የሉም። የባዘቶውን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማ፤ ጣቶቹ ግን ጭኑ ላይ ይሠሩ ነበር፣ ጥጥ እንደሚያፍታታ።

«ውጫዊዎቹ ለምን ገዘፉ? እነዚህስ ለምን ትንሽ ቀሩ? አንድ ፀሐይ አይደለም ወይ ያላቸው?»

ለፀሐይ ቅርብ የነበረው ሞቃት ነበር አልኩት። በረዶ ሊሆን የሚችለው ሁሉ ተንኖ አለትና ብረት ብቻ ቀረ፤ እሱም ጥቂት። ራቅ ያለው ብርድ ነበር። ውኃው በረዶ ሆነ፣ በረዶው ከአለቱ ጋር ተጠራቀመ፣ ከበደ። ሲከብድ ጊዜ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ጎተተ፤ ጋዙ ሲጨመርበት የባሰ ከበደ፣ የባሰ ጎተተ። አንገቱን አዘንብሎ ይሰማል። «ብርድ ያገዘፋቸው ናቸዋ» አለ። ስንት ዓመት ሆነን እንዲህ ካወራን! ፊቱ በራ። ድሮ ከቅኔ ቤት ሲመጣ የነበረው ፊት።

እምዬ ሽሮውን ይዛ ገባች። አየችው። ዞራ እኔን «አለበል ደከመው እንዴ?» አለችኝ።

እኔን። እሱን አይደለም።

ፊቱ ተዘጋ። እስክሄድ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

አበቃልኝ።

ር/መምህሩ አቶ ሙሉጌታ ክፍል ሊታዘቡ ገቡ። የልጄ ውጤት በሌላ ልጅ ስም ተሞልቷል ብሎ አንድ ወላጅ ከስሷል። እውነቱን ነው። መስመር ስቻለሁ።

ትምህርቱ ጥሩ ጀመረ። ስምንቱንም ደረደርኩ፤ እህሎቹን ጠረጴዛ ላይ፣ አራቱን የጥጥ ኳሶች ወለሉ ላይ በቅደም ተከተላቸው። ለሳተርን የካርቶን ቀለበት። አራቱም ውጫዊዎች ቀለበት አላቸው፣ የሳተርኑ ጎልቶ ስለሚታይ ነው ስሙ የወጣው። ጨረቃ ለውስጠኞቹ በድምር ሦስት ብቻ ነው፤ አንዷ የእኛ፣ ሁለቱ የማርስ። ለውጫዊዎቹ መንጋ ነው። ጁፒተር ያን ሁሉ ግዝፈት ይዞ ከእኛ ይልቅ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ቀኑ የእኛን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዓመቱ ግን ረጅም። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይሰማኛል። ድምፄ ደስ ብሎታል። ወደ ማንጠግቦሽ ስራመድ እግሬ ለስላሳ ነገር ረገጠ።

ጁፒተር።

ተደናቀፍኩ። ሳተርንንም ይዤ ወደቅሁ። በቀን። በብርሃን። ራሴ ያስቀመጥኩትን።

ማንም አልሳቀም። የገደለኝ ይኼ ነው። ድሮ ይስቁ ነበር።

«ምንድን ነው የወደቀው?» ትላለች ማንጠግቦሽ። አጠገቧ ያለችው ልጅ በሹክሹክታ «ቲቸር» አለቻት።

አቶ ሙሉጌታ መጥተው አነሡኝ። ቀሚሴን አራገፉልኝ፣ እንደ ልጃቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ እንነጋገር አሉ። አልተቆጡም። ድምፃቸው እንደዚያ ሐኪም ለስልሷል።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሳልረሳው ልጻፈው። እንደማልረሳው እያወቅሁ።

ጁፒተር ሰሞኑን ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ይወጣል። ይህን ለደረጀ የነገርኩት እኔው ነኝ። ራት ሳንበላ ነይ ውጪ አለኝ። ግቢው ውስጥ ቆምን። ብርዱ ይቆነጥጣል። ክንዱን ዘርግቶ ያሳየኛል። ክንዱ ጥላ ሆኖ ታየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ነው።

«ያ ነው አይደል? እንዴት ነው የሚያበራው!»

አዎ፣ እሱ ነው አልኩ። ደስ ይላል አልኩ። ይኸውልህ፣ እንደ ኮከብ አይርገበገብም፣ ረጋ ያለ ነው አልኩ። መጽሐፍ ላይ ያለውን።

ክንዱን አወረደ።

«ስለእናት። እኔ ያሳየሁሽ የጎረቤት ጣራ ነው። ጁፒተር ከጀርባሽ ነው።»

ልዞር ነበር። ምን ላይ ልዞር?

ለካ ሲጠረጥር ከርሟል። ብርጭቆ ስደፋ። ከባጃጅ ስወርድ። ስልጠና ያልኩት ቀን ሆስፒታል በር ላይ ያየኝ ሰውም ነግሮታል። እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር አለ። ቀን ቆጠርኩልሽ፣ አፍ አወጣሽ ስል ዝም። ቢጮህ ይሻል ነበር፤ አልጮኸም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ትንሽ እንቆይ፣ ትንሽ እንቆይ ስትይኝ የነበረው ለዚህ ነው?

ለልጄ እንዳላወርሰው ነው አልኩት። አዎ፣ ለዚህ ነው።

«እኔስ? እኔ አልጠየቅም?»

ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ራቱ እንደቀረበ ነው።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ደረጀ ጉንደ ወይን ሄደ፤ እናቱ ጋ። የእህል ንግዱን ሰበብ አደረገ። መቼ ትመጣለህ አላልኩም። ሲወጣ በየክፍሉ መብራት አብርቶልኝ ሄደ። ጠዋት ነው እኮ፤ ፀሐይ ወጥታ። ያንን ሳይ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሳልነሣ ቀትር ሆነ።

አልበላሁም። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ፤ ውሸት አልሆነም ለአንድ ቀን።

መስኮቱ ይታየኛል። የመስኮቱ መሃል። በመሃሉ የቆርቆሮ ጣራ፣ በጣራው ላይ አንዲት እርግብ። ስትንቀሳቀስ ትጠፋለች። ጭንቅላቴን አዙሬ እፈልጋታለሁ፣ ሳገኛት ሌላ ትሆናለች። እስከ መቼ? ሐኪሙ ዓመታት ሊሆን ይችላል ብሏል። ዓመታት እየተሸራረፉ። በአንድ ቀን ቢጠፋ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ አይ፣ አይ፣ ነገም ላያት።

አለበልን አሰብኩ። እሱም በአንድ መስኮት መሃል እንዲህ ሲቆጥር ነበር ማለት ነው። ለማንም ሳይናገር። እኛ ሰነፍ ሆነ እንል ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ቢሮ ገባሁ። አቶ ሙሉጌታ ሳይጀምሩ እኔ ጀመርኩ። ሁሉንም። ሐኪሙን፣ ወንድሜን፣ መስመር መሳቴን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ክፍል ባትይዢ ይሻላል አሉ። ሥራሽ አይነካም። ቤተ መጻሕፍት እንመድብሻለን።

ቤተ መጻሕፍት! አፋቸው ላይ ከወጣ በኋላ እሳቸውም ሰሙት፤ ጆሯቸው ቀላ።

አንድ ነገር ለመንኩ። የምዕራፉን ፈተና ልፈትን፤ ማንጠግቦሽንም በቃል ልፈትናት። ደንቡ እኮ ነፃ ይላታል አሉ። ነፃ ማለት ውጪ ማለት ነው፣ ጽዱ ሥር ተቀመጪ ማለት ነው አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሏል። አሰቡ። እሺ ፈትኛት፣ ውጤቷን የምሞላበት ቦታ ግን ገና መጠየቅ አለብኝ አሉ።

ከሰዓት ፈተንኳት። ውስጠኞቹና ውጫዊዎቹ በምን ይለያያሉ?

«ውስጠኞቹ ጥቂት አግኝተው ያጠነከሩት ናቸው። ውጫዊዎቹ ብዙ አግኝተው ያላጠነከሩት።» ከዚያ ወረደችው፤ ርቀቱን፣ ሙቀቱን፣ ጨረቃውን፣ ቀለበቱን። ሳተርንን የሚችል ባሕር ቢገኝ ይንሳፈፍ ነበር አለች፤ ከውኃ ስለሚቀል። «ግን ቲቸር፣ ዩራነስንና ኔፕቱንን ከጁፒተር ጋር ጋዝ ብሎ መደምደም ልክ አይመስለኝም። ከጋዙ ሥር የውኃና የበረዶ ዘር ነው የሚበዛው ብለውናል። ለብቻ ይቆጠሩ።» ብዙዎቹም ለብቻ ነው የሚቆጥሯቸው አልኳት። ደስ አላት።

ሙሉ ሰጠኋት።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። ልጆቹ የዓይንዎን ነገር ነግረውኛል አለች። ብሬል ላስተምርዎት? እንዲሁ በቀላሉ፣ ውኃ ላምጣልዎት እንደሚባለው። ብቻ ሲማሩት ይሰለቻል አለች። እኛ ሁለት ነበርን፤ አንዷ ስትሳሳት አንዷ እየሳቀች ነው የለመድነው።

አልፈልግም አልኳት። በቁጣ። እጄ ሳላስበው በሩን አሳያት፤ ለማታይ ልጅ። ሄደች። ዘንጓ በኮሪደሩ ላይ ሲርቅ ሰማሁት።

ምን አደረግሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ደረጀ ደወለ። በላሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። ዝም ተባባልን። ዝምታው ረዘመ፤ ግን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁም። መቼ እንደሚመጣ አልተናገረም። ካርዱ አልቆ ተቋረጠ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተስፋ ነው ብዬ አልጽፈውም።

በእረፍት ሰዓት ማንጠግቦሽን ፈልጌ ይቅርታ አልኳት። ምንም አይደል አለች፤ እኔም መጀመሪያ የብሬል መጻፊያውን ወርውሬዋለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላ ተማሪ ይዤ ብመጣስ አልኳት። ማን? ወንድሜ። አርባን ያለፈ። ግዕዝ የሚያውቅ። ኩርፍተኛ። ይሳደባል ወይ አለችኝ። ሳይሳደብ አይቀርም አልኳት። ሳቀች። ይምጣ አለች።

ነገ ዲማ እሄዳለሁ። መንገዱ ክፍት ነው ብለዋል። ለእምዬ ራሴ እነግራታለሁ፤ ታልቅስ፣ አብረን እናለቅሳለን። አለበል አልሄድም ይላል። ደብረ ማርቆስ ምን ልሠራ፣ እዚያም መደብ እዚህም መደብ ይላል። ይበል። ካልሄድክ እኔም እዚህ መደብ ላይ እቀመጣለሁ እለዋለሁ፣ እምዬም ስለ ሁለታችን ትጠየቅ።

ደግነት እንዳይመስልህ፣ ደብተሬ። ለእሱ ብዬ አይደለም። ብቻዬን መታወር ስለማልችል ነው።

ሚኒባሱ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሣው። በጨለማ እስከ መናኸሪያው ብቻዬን አልችልም። ስንት ዓመት እችላለሁ እያልኩ አጥር አጥሩን እየዳበስኩ ሄጃለሁ። ነገ አልዳብስም። ጎረቤቴን እጄን ይዘሽ አድርሽኝ እላታለሁ። አሁኑኑ፣ ሳልፈራ፣ ተነሥቼ በሯን አንኳኳለሁ። ከምን እንደምጀምርላት አላውቅም። «እኔ እኮ አላይም» ብዬ ነው መሰለኝ የምጀምረው።